ከመረቡ ጎን ቆማችሁ ቁጠሩ

ለወጣት መሐንዲሶች፣

የጎርፍ መከላከያ ፓምፕ ስትፈትሹ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ቆጣሪው ላይ ነው፤ የእኔም እንደዚያው ነበር። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 9.8 ኪሎዋት ይበቃል፤ ሞተሩ 14 ከበላ ብቃቱ 70 በመቶ ነው። ይህን ስሌት ማንም ይሠራዋል። ከውኃው ጋር በፓምፑ ውስጥ የሚያልፈው ዓሣ መትረፍ አለመትረፉ ግን ከቆጣሪ አይነበብም።

ገና ጎልማሳ ሳለሁ ዓሦችን በፓምፕ አሳልፈን መውጫው ላይ በዘረጋነው መረብ ያዝናቸው። ሁሉም ይንፈራገጡ ነበር። እኔም የዚያኑ ማታ «አንድም አልሞተም» ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ። በማግስቱ ሦስቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ገንዳው ላይ ተንሳፍፈዋል። አንዱን ኢል፣ ያን እባብ መሳይ ዓሣ፣ አንሥቼ ጀርባውን ብዳብሰው መሐል ላይ እጥፍ አለ፤ አከርካሪው ተሰብሯል። ማታ ሲዋኝ ያየሁት እሱኑ ነው። ሪፖርቱን ሳላርም ሁለት ቀን በኀፍረት ተቀመጥሁ፤ ይህን እንኳ አትድገሙ።

ዓሦቹን ቢያንስ ሁለት ቀን አቆዩአቸው። ከጎናቸው በፓምፑ ያላለፉ፣ ነገር ግን በዚያው መረብና በዚያው ባልዲ የተጉላሉ ሌሎች ዓሦች ይኑሩ፤ አለዚያ ገዳዩ ፓምፑ ይሁን የእናንተ እጅ አታውቁም። የሞቱትንም ክፈቷቸው። የሚሽከረከረው የፓምፑ ምላጭ የመታው ብዙ ጊዜ ቁስሉ ይታያል፤ ድንገተኛ የግፊት ለውጥ የጎዳው ግን ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ፈንድቶ ሊገኝ ይችላል።

ደግነቱ ለዓሣ የሚራራ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪክም ይራራል፤ ሰፊ ነው፣ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ምላጩም ጥቂት ነው። «ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱ፣ የሚበላው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል» የሚል ሻጭ ይመጣባችኋል። ሕጉስ እውነት ነው። ውኃው የሚነሣበት ከፍታ ግን አብሮ አይቀንስም፤ ፍጥነቱ ከልክ በታች ሲወርድ ፓምፑ ይዞራል እንጂ ጠብታ አያወጣም።

የአውሮፓ ኢል ለመራባት ወደ ሳርጋሶ ባሕር የሚወርደው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ደንብ የሰው እጅ ባይገባበት ኖሮ ወደ ባሕር ይደርስ ከነበረው ቢያንስ 40 በመቶው እንዲያልፍ ግብ አስቀምጧል። ይህ ዓሣ ጉዞውን አብዝቶ የሚያደርገው በመፀው፣ ወንዙ ሲሞላና ሌሊቱ ሲጨልም ነው፤ ፓምፖቻችሁ በሙሉ ፍጥነት የሚዞሩት ደግሞ ያኔ ነው። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ፍተሻዎች በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ የተደረጉ ናቸው። የእናንተን በዚያ ሌሊት ፍጥነት ድገሙት፤ ውጤቱንም በራሱ ዓምድ ጻፉት።