ሂስቶሪክና ሂስቶሪካል፣ ኤንሸንትና ኦልድ፦ ለአስጎብኚነት ለሚዘጋጁት እህታችን የተሰጠ መልስ

ጎንደር ላይ ለአስጎብኚነት እየተዘጋጁ ያሉት እህታችን፣ ሂስቶሪክና ሂስቶሪካል፣ ኤንሸንትና ኦልድ፣ ሩፍና ሲሊንግ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ መዝገበ ቃላት ቢሸመድዱም፣ እንግዳ ፊት ሲቆሙ እንደሚምታቱባቸው ጠይቀዋል። በዚሁ ሥራ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ፣ የታዘብኩትን ልጻፍልዎ።

ችግሩ የማስታወስ ሳይሆን የአጠናን ይመስለኛል። መዝገበ ቃላቱ ለሂስቶሪክም ለሂስቶሪካልም «ታሪካዊ» የሚል አንድ ፍቺ ከሰጠዎ፣ ያንን ፍቺ የቱንም ያህል ቢደጋግሙት ልዩነቱ አይታይዎትም። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከሚገልጸው ነገር ጋር አጣምረው ይጻፉት።

ሂስቶሪክ በታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ላለው ነገር ይነገራል። ዐፄ ፋሲለደስ መናገሻቸውን ጎንደር ላይ መትከላቸው ተከታዩን ዘመን ስለቀረጸ ሂስቶሪክ ውሳኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢም ሂስቶሪክ ቦታ ነው። ሂስቶሪካል ግን የነገሩን ታላቅነት አይጠይቅም፤ ያለፈውን ዘመን የሚመለከት ከሆነ ይበቃዋል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ሂስቶሪካል ሰነድ እንደሆነ ሁሉ፣ በዚያው ዘመን የተጻፈ ተራ የመሬት ሽያጭ ውልም፣ ማንም ሂስቶሪክ ባይለው እንኳ፣ ሂስቶሪካል ሰነድ ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት እንግዶችም ሁለቱን ሲያቀያይሩ ስለምሰማ፣ በዚህ አብዝተው አይጨነቁ።

ኤንሸንት ላይ ግን እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ። ብዙ ባልደረቦቻችን የፋሲልን ግንብ «ኤንሸንት ካስል» ይላሉ፤ ቃሉ የአድማጩን ሐሳብ ወደ ጥንቱ ዓለም ስለሚወስደው፣ ወዲያው 17ኛው ክፍለ ዘመን ሲባል ግር ይለዋል። ኤንሸንትን ለአክሱም ሐውልቶች ይተዉትና ለግንቡ ክፍለ ዘመኑን ብቻ ይጥቀሱ። ኦልድ ስህተት ባይሆንም፣ ለአሮጌ መኪናም የሚያገለግል ቃል ስለሆነ ለቤተ መንግሥት ይቀልበታል።

ሩፍና ሲሊንግን አማርኛችን ራሱ ጣሪያና ኮርኒስ ብሎ ይለያቸዋል። ነገር ግን በንግግር ሁሉንም ጣሪያ ማለት ስለለመድን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ሥዕል «ሩፍ ላይ ነው» ብለን፣ ገና ቅጥር ግቢው ውስጥ የቆመውን እንግዳ ሽቅብ እንዲያማትር እናደርገዋለን። ሥዕሉ ያለው ከውስጥ፣ ሲሊንጉ ላይ ነው።