የደም ግፊታችሁን ሲያዞራችሁ ብቻ ለምትለኩ ልጆቼ

«ግፊት ቢኖርብኝ ኖሮ ይሰማኝ ነበር» የሚለውን ንግግር በሕክምና ሥራ ስሰማው ነው ያረጀሁት። አሁን ደግሞ ከእናንተ ከወጣቶቹ እሰማዋለሁ። ለምን እንደማይሰማችሁ ልንገራችሁ።

ከአልጋ ብድግ ስትሉ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። አንገታችሁ ላይ፣ ከመንጋጋ ዝቅ ብሎ፣ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ የቧንቧውን መለጠጥ የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ሲወርድ የሚልኩት ምልክት ይቀንሳል። ይህን ጊዜ ከማጅራት በላይ ያለው የአንጎል ግንድ በሰከንዶች ውስጥ ልብን ያፈጥናል፣ ቧንቧዎችንም ያጠባል። እናንተ ግን ጫማችሁን እየፈለጋችሁ ነው።

ልብ ለራሱ ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል። ስናርፍ 70 አካባቢ የሚያቆየው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ የልብ ልጓም በሉት። ልብ የተቀየረላቸው ሰዎች ይህ ነርቭ ስለሚቆረጥ ቁጭ ብለውም ልባቸው ይፈጥናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲሰነብት እነዚያ የነርቭ ጫፎች ይለምዱታል። የላይኛው የግፊት ቁጥሩ 160 ላይ የከረመ ሰው አንጎሉ 160ን እንደ ጤነኛ ልክ ይጠብቅለታል። ስለዚህ መድኃኒት ጀምሮ ግፊቱ ቶሎ ሲወርድ ያዞረዋል፤ «መድኃኒቱ ነው ያሳመመኝ» ብሎም ይጥለዋል። አባታችሁ እንዲህ ካላችሁ አትከራከሩት፣ ግን አያቋርጥ። ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይስተካከልለታል። ሲነሳም አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጥ። ሰውነቱ ዝቅ ያለውን ልክ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

እናንተም ደህና ሳላችሁ ተለኩ። ከበረካ ተነስታችሁ ወይም ጫት ቅማችሁ ክንድ አትዘርጉ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጫት ደግሞ የልብ ምትንም። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይረፍ። ሲለካ አታውሩ (ይህን ከኛ ሰው ማግኘት ከባድ ነው)። አንድ ጊዜ ከፍ አለ ተብሎ መደናገጥም አያስፈልግም፤ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ብዙ ናቸው፣ ያም የዚያው አንጎል ሥራ ነው። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙና በሌላ ቀን ድገሙት።