የአውሮፓ ሕግ አዲስ አበባ ድረስ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለን። አንድ የጀርመን ኩባንያ የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ መርምሮ በደረጃ የሚያስቀምጥ፣ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ወቅትም የአመልካቹን ፊት አይቶ ስሜቱን የሚገምት ሥርዓት እንድንሠራለት ጠይቆናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚገዛ ዓለም አቀፍ ሕግ አለ? የአውሮፓውያኑስ ሕግ እኛን ይመለከታል?
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁሉንም አገር እኩል የሚያስገድድ ሕግ እስካሁን የለም። የዩኔስኮ አባል አገሮች በ2021 ያጸደቁት የሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማርች 2024 ያለ ድምፅ ቆጠራ ያሳለፈው ውሳኔ መንግሥታትን ይመክራሉ እንጂ አይቀጡም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 2024 በሊቱዌኒያ ዋና ከተማ በቪልንየስ ለፊርማ የቀረበው የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ ድርጅት ነው) ስምምነት አስገዳጅ ቢሆንም፣ የሚያስገድደው ያጸደቁትን ብቻ ነው።

እናንተን የሚነካችሁ ኦገስት 1 ቀን 2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ነው። ሥርዓቱ በኅብረቱ ገበያ ላይ ከቀረበ፣ ወይም ውጤቱ እዚያ ሥራ ላይ ከዋለ፣ ሠሪው የትም ቢቀመጥ ሕጉ ይከተለዋል።

ስለዚህ ስሜት የሚገምተውን ክፍል ከወዲሁ አንሠራም በሉ። በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት በሰውነቱ ገጽታ መገመት፣ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ ከፌብሯሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን መመሪያም ክልከላው ሥራ ፈላጊዎችን እንደሚጨምር ገልጿል። ቅጣቱ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓመታዊ የዓለም ሽያጭ 7 በመቶ ይደርሳል፤ ለትልልቅ ኩባንያዎች ከሁለቱ የበለጠው፣ እንደ እናንተ ላሉ ትንንሾች ያነሰው ነው የሚታየው። ደንበኛችሁ ይህን አለማወቁ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

አመልካቾችን በደረጃ ማስቀመጡ አይከለከልም፤ ሆኖም ሕጉ «ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው» ከሚላቸው አንዱ ነው። በመሆኑም የስጋት አያያዝ፣ የቴክኒክ ሰነድ፣ ሥርዓቱ ሲሠራ የሚሆነውን የሚይዝ መዝገብ እና የሰው ቁጥጥር ይጠይቃል፤ ከኅብረቱ ውጭ ያለ አቅራቢም እዚያ ሕጋዊ ወኪል መሾም አለበት። እነዚህ ግዴታዎች ከኦገስት 2026 እንዲጀምሩ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2025 እንዲዘገዩ ሐሳብ አቅርቧል። ውሉን ስትፈርሙ የወቅቱን ቀን አጣሩ።

ዋናው ጥያቄ ግን «አቅራቢው» ማን ነው የሚለው ነው። ሥርዓቱን በራሳችሁ ስም ከሸጣችሁት ሸክሙ የእናንተ ነው፤ በትእዛዝ ሠርታችሁለት ኩባንያው በራሱ ስም ገበያ ላይ ካቀረበው ግን በዋናነት ወደ እሱ ይዞራል፤ እናንተም ሰነዱን እንዲያሟላ ታግዙታላችሁ። ይህ በቃል የሚታለፍ ጉዳይ ስላልሆነ፣ አቅራቢው ማን እንደሆነ በስም የሚጠቅስ አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ፤ ኩባንያው አልጽፍም ካለ ሥራውን አትጀምሩ።