ገደሉ ቢያጓጓህም ሜዳውን አትተው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነህ። ቀበሌህ ሜዳ፣ ወንዝ፣ ገደል፣ የቤተ ክርስቲያን ደንና ባህር ዛፍ አለው። እዚያው ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉትን ወፎች እንዴት ልመዝግብ ነው ያልከው። እኔም ደብረ ብርሃን አካባቢ ሦስት ክረምት ይህንኑ ስሠራ ስለከረምኩ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ጊዜው። ኅዳር ላይ ብትወጣ ወፍ ሞልቶ ታገኛለህ። ግን ብዙዎቹ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ እዚህ አይፈለፍሉም። የአገሬው ትናንሽ ወፎች በአብዛኛው ዝናቡን ጠብቀው ነው ጎጆ የሚሠሩት። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃውን መቻል ነው። ትልልቆቹ አሞራዎች ግን ብዙ ጊዜ በበጋ ስለሚያሳድጉ ገደሉን ጥር ላይ ደግመህ እየው።

እኔ የተሳሳትኩት ጠዋቶቼን ሳከፋፍል ነው። ገደሉ ላይ ጋጋኖዎቹ ተሰብስበው ሲጮኹ ልብ ይሰርቃል። የመጀመሪያውን ክረምት እዚያና ደኑ ውስጥ ጨረስኩት። መዝገቤን ሳየው ሜዳው ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ግን አይደለም፤ እኔ ስላልሄድኩበት ነው። በሁለተኛው ዓመት ያው ሜዳ ላይ፣ ጉሮሮዋ እንደ እንቁላል አስኳል የሆነችውን የአገራችንን የሣር ወፍ ከነጫጩቶቿ አገኘኋት። አሁን ለአምስቱም ቦታ እኩል ጠዋት እሰጣለሁ። በእያንዳንዱ አራት መቆሚያ፣ በመቆሚያዎቹ መካከል 250 ሜትር ያህል፣ በእያንዳንዱ ላይ 10 ደቂቃ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አበቃለሁ። ባህር ዛፉ ውስጥ ምንም ካልሰማህ «ምንም» ብለህ ጻፍ፤ እሱም መረጃ ነው።

ማየት ብቻውን መፈልፈልን አያረጋግጥም። ወንዱ አንድ ቀን ከዘፈነ «ሊሆን ይችላል» በል። ከሳምንት በኋላ እዚያው ቁጥቋጦ ላይ ካገኘኸው «ይመስላል» በል። «ተረጋገጠ» የምትለው ትል በአፏ ይዛ ስትመላለስ ወይም የጫጩቶቿን ኩስ እንደ ነጭ ከረጢት አንጠልጥላ ስትወጣ ካየህ ነው። ጎጆ አየሁ ብለህም አትቸኩል። ዛፍ ላይ ጎጆ የሚያንጠለጥሉት ቢጫዎቹ ወፎች፣ ወንዱ ብዙ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ያልወደደችው ባዶውን ይቀራል።

ትል የያዘች ወፍ አጥር ላይ ተቀምጣ አልገባ ካለች ችግሩ አንተ ነህ። ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና ቁጭ በል፤ ትገባለች። ይህን ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። አንድ ጠዋት ፎቶ ላንሳ ብዬ ወንዝ ዳር ጎጆ ላይ ያለውን ሣር በእጄ ገለጥኩ። ሦስት እንቁላል ነበር። በማግስቱ ስመለስ ጎጆው ተገልጦ፣ ቅርፊቱ ተበትኖ፣ ቁራው ከላይ ግራር ላይ ተቀምጧል። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ጎጆ ነክቼ አላውቅም፣ ሣሩንም ረግጬ ዱካ አልተውም።

ሌላው እረኞቹ ናቸው። ከማንም በላይ ጎጆ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ግን «ጎጆ አሳየኝ» ብለህ ብር አትስጥ፤ ፍለጋው ሣሩን ያስረግጠዋል። «ትል ይዛ የምትገባ ወፍ የት አየህ?» በለው፣ ይበቃል። ደኑ ውስጥ ለመግባት አስቀድመህ የደብሩን አባቶች አስፈቅድ። የንግሥ ቀን አትሂድ፤ በድምፅ ማጉያው መሃል የወፍ ድምፅ አይለይም።

የጎጆዎቹን ቦታ ስልክህ ላይ መዝግብ እንጂ ለማንም አትለጥፍ፤ በተለይ የሰማያዊ ክንፍ ዝይዋን። እሷ የትም አገር የሌለች የኛው ናት፤ ጎጆዋም መሬት ላይ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ማስታወሻህን ከላክልኝ ያልለየሃቸውን አብረን እናያለን።