አለቃሽ የሕክምና ፋይልሽን ሲጠይቅሽ

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ይማርሽ። በጉዳት ምክንያት ረጅም ፈቃድ ላይ ነሽ። አለቃሽ በየጊዜው እየደወለ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይልሻል። አሁን ደግሞ ኤችአር (የመሥሪያ ቤትሽ የሰው ሀብት ክፍል) ሙሉ የሕክምና ፋይልሽን አምጪ ብሎሻል። ምን ላድርግ ነው ጥያቄሽ። እኔም በወገብ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሥራ ርቄ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

አሠሪሽን የሚመለከተው የሥራ አቅምሽ ነው። ሐኪሜ የጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ የበሽታዬ ዝርዝር አልነበረም። ስንት ሰዓት መቀመጥ እንደምችል፣ ከባድ ነገር ማንሳት እንደሌለብኝ፣ ክልከላው እስከ መቼ እንደሚቆይና መቼ ተመልሼ እንደምታይ ብቻ ይላል። ኤችአር መጀመሪያ አልተደሰተም፤ ኋላ ግን ተቀበለው። ለነሱም የሚጠቅማቸው ይኸው ነው። የኤምአርአይ ውጤት ይዘው ምን ሊያደርጉበት?

ክፍያሽ ከኢንሹራንስ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ኢንሹራንሱ የሕክምና ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም፤ ካላገኘ ክፍያውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ማስረጃው ከሐኪምሽ በቀጥታ ወደዚያ ይሂድ። በአለቃሽ በኩል አይለፍ። መረጃ እንዲሰጥ የምትፈርሚበትን ቅጽም ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። «ማንኛውንም መረጃ» የሚል ካለበት፣ ከዚህ ጉዳት ጋር የተያያዘው ብቻ ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቂ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ኢንሹራንሱ ከፈለኝ ማለት ሥራዬ ተጠብቆልኛል ማለት አይደለም። ክፍያው በኢንሹራንሱ ውል ይወሰናል፤ የሥራ ቦታሽ ደግሞ በአገሩ ሕግና በቅጥር ውልሽ። ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቂ። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ላይ መመዘኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ይቀየራል። መጀመሪያ የሚታየው የራስሽን ሥራ መሥራት መቻልሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የሚመጥንሽን ሥራ መሥራት መቻልሽ ይሆናል። ቀኑ ሳይደርስ ውልሽን አውጥተሽ እዪው።

የስልኩን ጉዳይ በተመለከተ፣ መጥፋት አያዋጣም። ዝምታሽን ሥራ እንደመተው ሊቆጥሩት ይችላሉ። ግን ነገሩን ወደ ጽሑፍ አምጪው። እኔ በየወሩ መጨረሻ አጭር ኢሜይል እልክ ነበር፦ «አሁንም በሕክምና ላይ ነኝ፤ ቀጣዩ ቀጠሮዬ በዚህ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን የሐኪም ደብዳቤ እልካለሁ።» በቃ። አለቃዬ ሲደውል በትሕትና አነጋግረውና የተባባልነውን ያንኑ ቀን በኢሜይል እጽፍለት ነበር። መደወሉም እየቀነሰ መጣ። ኢሜይሎቹን በግል አድራሻሽም አስቀምጪ፤ የመሥሪያ ቤቱ አካውንት አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል።

«ልቀቂና ሲሻልሽ እንቀጥርሻለን» ካሉሽ ግን ጠንቀቅ በይ። በቃል ብቻ የተገባን ተስፋ ማስፈጸም ከባድ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከፈረምሽ ደግሞ በገዛ ፈቃድሽ እንደለቀቅሽ ሊቆጠር ይችላል። የሥራ ጉዳይ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ሳታማክሪ ብዕር እንዳትነኪ! የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1982 ስምምነት ቁጥር 158፣ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ሁሉም አገር አልተቀበለውም፤ ጊዜያዊ የሚባለውም ስንት እንደሆነ በየአገሩ ሕግ ይወሰናል። የአንቺን አገር ሕግ አጣሪ።

ሲሻልሽ ደግሞ በአንዴ ሙሉ ሰዓት ልግባ አትበዪ። በግማሽ ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የ2006 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ተገቢ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ተቀጥሮ እየሠራ ሳለ አካል ጉዳተኛ የሆነንም ሰው ይጨምራል። የሥራ ዝርዝርሽን ከኤችአር ተቀብለሽ ለሐኪምሽ ስጪው። የትኛውን መሥራት እንደምትችዪ፣ የትኛው እንደሚቀየርልሽ እሱ ላይ ምልክት ያድርግ። ኤችአር የጠየቀሽንም ፋይል በዚሁ ወረቀት ተኪው።