በአረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ

ጥያቄ፦ አያቴ ከወሎ መጥተው ጅማ የኖሩ ሰው ነበሩ። የተዉልን ደብተር በአረብኛ የተጻፈ ይመስላል። አረብኛ የሚችለው ጎረቤታችን ግን ምንም አልገባውም። ጮክ ብሎ ሲያነበው እናቴ «ይሄማ አማርኛ ነው!» አለች። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ? (ከሂርማታ)

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። ፊደሉ የአረብኛ ይሁን እንጂ ቋንቋው አማርኛ ነው። አጻጻፉ ዐጀሚ ይባላል። የወሎው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማቸውን የጻፉት በዚሁ ነው። ጅማ ላይ ኦሮምኛ፣ ሐረር ላይ ሐረሪ ተጽፎበታል።

ጎረቤትዎ ሲያነብ ተንተባትቦ ከሆነ አይፍረዱበት። መደበኛው አረብኛ ለገ፣ ለቸ፣ ለጨ እና ለኘ ፊደል የለውም። ጸሐፊው በድምፅ የሚቀርበውን ፊደል ወስዶ ነጥብ ይጨምርበታል፤ ሲሰንፍ ደግሞ እንዲሁ ይተወዋል። አናባቢው ይብሳል። እኛ ሰባት አለን፤ አረብኛ ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ብሎ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «ዙር» እና «ዞር» አንድ ዓይነት ሊጻፉ ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። እናትዎ ከጎረቤትዎ የበለጡትም ለዚህ ነው፤ ፊደሉን ባያውቁም ቋንቋው አላቸው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎ አለ፤ ግን ሳስቷል። ከዐጀሚ ደብተር መንዙማ የሚያነብ ሰው ዛሬም ይገኛል። ደብዳቤ የሚጽፍበት ግን እምብዛም ነው። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ።

ዕድሜ ለጽሕፈት ዋስትና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። አድላምን እዩት፤ ጊኒ ውስጥ ሁለት ታዳጊ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1989 ለፉላኒ ቋንቋ የፈጠሩት ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ሰው በስልኩ ይጻጻፍበታል። በተቃራኒው የእኛው ሼህ በክሪ ሳፓሎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኦሮምኛ የፈጠሩት ፊደል ነበር። ሰው ሲጻጻፍበት ባለሥልጣናቱ አገዱት፤ በዚያው ቀረ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ አደራ ላሚኔት አታስደርጉት። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ጎረቤትዎ ያንብብ፣ እናትዎ ይስሙ፣ እርስዎ በግዕዝ ፊደል ይጻፉ። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፏቸው።