ለአባትህ ሸክላ ከመግዛትህ በፊት ባዶውን ቀለበት አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ለፋሲካ አዲስ አበባ ልትገባ ነው። አባትህ አስመራ ከነበረው የቃኘው ጦር ሰፈር የሚተላለፈውን የአሜሪካኖች ራዲዮ እየሰሙ ነው ያደጉት። ለእሳቸው የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን «ፍሪዊሊን»፣ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሌድ ዘፕሊንን ሁለተኛ አልበም፣ ከራስህ ምርጫ ደግሞ የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የኒክ ድሬክን «ፒንክ ሙን» በሸክላ ይዘህ መሄድ ትፈልጋለህ። በጀትህ 500 ዶላር ነው። የድሮውን የመጀመሪያ ህትመት ልግዛ ወይስ አዲሱን ድጋሚ ህትመት ብለሃል።

እስካሁን ከመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ኦርጅናል ካልሆነ ምን ዋጋ አለው» አሉህ። ሌሎቹ «180 ግራም የሚል አዲስ ግዛና ተገላገል» አሉህ። ሁለቱም ምክር ገንዘብህን ያስበላሃል። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ሆኜ እነዚህኑ ሶስት አልበሞች አሳድጄ አግኝቻቸዋለሁ። ያንተም መንገድ ከኔ ብዙ አይለይም። ስለዚህ በኔ የደረሰው ጭቅጭቅ ይቅርብህ።

1. ሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመን። 180 ግራም የፕላስቲኩ ክብደት ነው። ስለ ድምፁ ምንም አይነግርህም። መጠየቅ ያለብህ ሁለት ነገር ነው። ከየትኛው ቴፕ ተቀዳ? ማን ቆረጠው፣ ማለትም ድምፁን ከቴፑ ወደ ሸክላው ማተሚያ ቅርጽ የቀረጸው ማነው?

«ከዋናው ማስተር ቴፕ» (ስቱዲዮ ከተሰራው የመጀመሪያ ቴፕ) የሚል ጽሑፍም ብቻውን አይበቃም። ሞባይል ፊዴሊቲ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በጥራት ድጋሚ ህትመት ስሙ የገነነ ነው። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ) ግን ብዙዎቹ ሸክላዎቹ በቀጥታ ከቴፕ እንዳልተቆረጡ፣ መሃል ላይ ዲጂታል ቅጂ እንዳለ ታወቀ። ደንበኞች ከሰሱት፤ ነገሩም በካሳ ስምምነት አለቀ። እኔን ያናደደኝ ዲጂታል መሆኑ አይደለም። ድምፃቸው ያማረ ነው። ያናደደኝ ዝምታቸው ነው። ለአንድ አልበም 125 ዶላር የሚከፍል ሰው ምን እንደገዛ የማወቅ መብት አለው።

ዋናው ቴፕ ከነጭራሹ የሌላቸው አልበሞችም አሉ። በ2008 ሆሊውድ ያለው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ሲቃጠል ማስተር ቴፖችም አብረው ተቃጥለዋል። ጉዳቱ ምን ያህል እንደነበር በሰፊው የተወራው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የማዲ ዋተርስና የሃውሊን ዎልፍ ቤት የነበረው የቼስ ሬኮርድስ ቴፖችም ከጠፉት መሃል እንደሆኑ ተዘግቧል። የብሉዝ ወዳጅ ለሆነ ሰው ይህ ሀዘን ነው።

አውሮፓ የታተመ ርካሽ ሸክላ ስታይም ጠንቀቅ በል። እዚያ እስከ 1962 መጨረሻ የወጡ ቅጂዎች የባለቤትነት መብታቸው አብቅቷል። ማንም ተነስቶ ከሲዲ ገልብጦ ማተም ይችላል። የዲላን የመጀመሪያው አልበም የወጣው በ1962 ነው፤ ለዚህ ነው ርካሽ ህትመቱ በየሱቁ የሞላው። የዲላን አሳታሚ ሶኒ የቀሩት ቅጂዎችም እንዳያመልጡት ስለፈራ በ2012 መጨረሻ ያልወጡ የዲላን ቅጂዎችን ሰብስቦ ወደ 100 ኮፒ ብቻ አውሮፓ ውስጥ ለቀቀ። ዓላማው መብቱን ማራዘም ነበር። «ፍሪዊሊን» የወጣው በ1963 ስለሆነ ከዚህ ተርፏል።

2. ባዶውን ቀለበት አንብብ። ከሁሉም በላይ ይህን ያዝልኝ።

የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት እስከ መሃሉ ሌብል (ክቡ ወረቀት) ድረስ ዘፈን የሌለበት ቀለበት አለ። እዚያ ላይ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደሎች ታገኛለህ። የሸክላው መታወቂያ እሱ ነው። ሽፋን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከኋላው የተጻፈው ዓመተ ምህረት የመብቱ ዓመት ነው፤ በ1969 የታተመውም ከአስር ዓመት በኋላ የታተመውም ያንኑ 1969 ይላል።

ሌድ ዘፕሊን ሁለትን እንውሰድ። በ1969 ሲወጣ ኒውዮርክ ስተርሊንግ ሳውንድ የሚባል ስቱዲዮ ውስጥ የቆረጠው ሮበርት ሉድዊግ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበር። ባሱንና ከበሮውን ሳይቆጥብ ለቀቀው። ሉድዊግ ራሱ እንደሚያወራው፣ የአልበሙ አሳታሚ የአትላንቲክ ሬኮርድስ አንድ አለቃ ለልጁ ኮፒ ይዞላት ገባ። በርካሽ ማጫወቻዋ ላይ ስታደርገው መርፌው እየዘለለ አስቸገራት። ድርጅቱ ደነገጠና ባሱ ተቀንሶ እንደገና እንዲቆረጥ አደረገ። ብዙ ሰው ቤት ያለው ይኸው የተቀነሰው ነው። የመጀመሪያው ላይ የሉድዊግ ስም ምህፃር፣ አር ኤል፣ ከስተርሊንግ ሳውንዱ ኤስ ኤስ ጋር ቀለበቱ ላይ ተጭሯል። ሁለቱንም ገጽ እይ።

እኔ ይህን አውቄ ነው እዚህ አካባቢ አንድ ሸክላ ቤት የገባሁት። ስሙን አልጠራም። ከባንኮኒው ጀርባ በፕላስቲክ ታሽጎ ተሰቅሏል፤ «የመጀመሪያ ህትመት፣ 350 ዶላር» ይላል። አውጥቼ ቀለበቱን ልየው አልኩት። ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ካልተገዛ አይነካም» አለኝ። እሺ አንተው አውጣና አሳየኝ አልኩ። «ከኋላው 1969 ይላል። ማንበብ ትችላለህ አይደል?» አለ። ሰው ቆሞ ይሰማል። ከኔ ቀጥሎ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሌላ ሸክላ ልየው ሲለው ግን አውጥቶ መብራት ስር እያዘነበለ አሳየው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ደሜ ፈላ።

ጥዬ መውጣት እችል ነበር። ግን ሸክላውን እፈልገዋለሁ፤ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? «እከፍላለሁ፤ ግን ደረሰኙ ላይ የ1969 የመጀመሪያ ህትመት፣ የአር ኤል ቅጂ ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ» አልኩት። እየተነጫነጨ ጻፈ። በክሬዲት ካርድ ከፈልኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ፕላስቲኩን ቀደድኩት።

ቀለበቱ ጋ ከመድረሴ በፊት ሌብሉ ነገረኝ። የዚያን ጊዜው የአትላንቲክ ሌብል ቀይና አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ላይ የድርጅቱ አድራሻ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ 1841 ብሮድዌይ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ 75 ሮክፌለር ፕላዛ ሆነ። እጄ ላይ ያለው ሮክፌለር ፕላዛ ይላል። ቀለበቱን በስልኬ መብራት አዘንብዬ አየሁት። አር ኤል የሚባል ነገር የለም።

ተመልሼ ገባሁ። አድራሻውን በጣቴ አሳየሁት። «ሁሉም ያው ነው፣ አልበሙ የ1969 ነው» አለኝ። የእጅ ጽሑፉን አሳየሁት። «ሽያጭ አልቋል። እናንተ ሰዎች ገዝታችሁ ትሄዱና ከዚያ መጨቃጨቅ ትወዳላችሁ» አለ። እናንተ ሰዎች! እኔ ይህን ሙዚቃ ከሱ በላይ ካልሆነ በቀር ባላነሰ አውቀዋለሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ቤቴ ገብቼ የሌብሉን ፎቶ፣ የሁለቱን ገጽ ቀለበትና ያንን ደረሰኝ አንድ ላይ አድርጌ ለባንኬ ላክሁ። ባንኩ መረመረና ገንዘቤን መለሰልኝ። አምስት ሳንቲም አልቀረችም። ያ የእጅ ጽሑፍ ባይኖር ግን ሰሚ አላገኝም ነበር። ስለዚህ ሻጩ በአፉ የሚልህን ሁሉ በጽሑፍ አስደርግ። ኦንላይን ከሆነ መልዕክቱን እዚያው በገበያው ገጽ ላይ አስጽፈው፤ ወደ ስልክ አትውጣለት።

እውነተኛውን በኋላ ኦንላይን አገኘሁት። ሻጩ ሳልጠይቀው የሁለቱንም ቀለበት ፎቶ ለጥፎ ነበር። እንዲህ ያለ ሻጭ ካገኘህ አትከራከረው፣ ግዛው።

ሌላም ምልክት አለ። የዚሁ አልበም ዘፈን «ሆል ሎታ ላቭ» ግጥሙ ማዲ ዋተርስ በ1962 ከቀዳው የዊሊ ዲክሰን ዘፈን የተወሰደ ነው። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ በወጡት ህትመቶች ላይ ስሙ ገባ። እና ሌብሉ ላይ በዚህ ዘፈን ስር የዲክሰንን ስም ካየህ ሸክላው የ1969 አይደለም ማለት ነው። በዋጋ ሲታይ ይህ ጉዳት ነው። እኔ ግን ስሙን እዚያ ሳየው ደስ ይለኛል። ያ ሰው ይገባው ነበር።

አሁን ያንተን ነገር ልንገርህ። ንፁህ የአር ኤል ቅጂ ያለህን 500 ዶላር ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ለአባትህ እሱን አትግዛ። በ2014 የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ራሱ የተቆጣጠረው ድጋሚ ህትመት ወጥቷል። በደንብ የተሰራ ነው፤ ዋጋውም ከተራ አዲስ ሸክላ አይለይም። በዚያ ላይ የአር ኤሉ ባስ በደካማ ማጫወቻ ላይ ሊዘል ይችላል።

ዲላንን ሞኖውን (ድምፁ ግራና ቀኝ ሳይከፈል በአንድ መስመር የሚወጣውን) ግዛ። በ1963 አብዛኛው ሰው ቤት የነበረው ሞኖ ነው። አባትህም በራዲዮ የሰሙት በሞኖ ነው። በአብዛኛው አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ሃርሞኒካ ነው፤ ስቴሪዮው ግራና ቀኝ ሲበትነው ሰውየው ክፍልህ ውስጥ መሆኑ ይቀራል። በ2010 የመጀመሪያዎቹ ስምንት አልበሞች በሞኖ ተሰብስበው ወጥተዋል፤ ከዚያ በፊት ሰንዴዝድ የሚባል ድርጅትም በሞኖ አሳትሞታል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የ1960ዎቹ ሞኖ ቅጂም አሜሪካ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ስለተሸጠ በደህና ዋጋ ታገኘዋለህ። «አራቱ የተቀየሩ ዘፈኖች ያሉበት ነው» የሚልህ ካለ ግን ቆም በል። አልበሙ ገበያ ሳይወጣ አራት ዘፈኖች ተነስተው በሌሎች ተተክተዋል። ያመለጡት ጥቂት ኮፒዎች በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ሸክላዎች መሃል ናቸው። በ200 ዶላር የሚሸጥልህ ሰው የለም።

«ፒንክ ሙን» ላይ ኦርጅናል የሚሉህን ጭራሽ አትስማ። ኒክ ድሬክ በ1971 መገባደጃ ለንደን ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ውስጥ ከድምፅ ባለሙያው ከጆን ዉድ ጋር በሁለት ሌሊት ቀዳው። ድምፁና ጊታሩ ብቻ ነው፤ በርዕሱ ዘፈን ላይ ጥቂት ፒያኖ ተጨምራለች። ሙሉ አልበሙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በ1972 ሲወጣ የገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው የአይላንድ ሬኮርድስ የመጀመሪያ ህትመት ዛሬ ዋጋው ሰማይ የነካው። ድሬክ በ1974 በ26 ዓመቱ ሞተ፤ ሰው ሲወደው አላየም። እንግዲህ ልብ በል። ሌድ ዘፕሊን ቢጫጫርም ይሰማል፣ ጩኸቱ ይሸፍነዋል። ድሬክ ግን ትንፋሹ ሁሉ የሚሰማ ነው። በሁለት ገመድ ምት መሃል ሸክላው ጠሽ ካለ አለቀ። ስለዚህ ንፁህ አዲስ ህትመት ከተጫጫረ ኦርጅናል ይበልጣል። ጆን ዉድ ራሱ እጁን ያስገባባቸው ህትመቶች ስላሉ እነሱን ፈልግ። አሮጌ ልግዛ ካልክ ሻጩን «አጫውተኸዋል ወይስ በዓይንህ አይተህ ነው ኒር ሚንት (እንደ አዲስ ነው) ያልከው?» ብለህ ጠይቅ። አብዛኛው በዓይኑ ነው።

ጥያቄህ ውስጥ ማጫወቻም ከዚህ ገዝቼ እወስዳለሁ ብለሃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ሰው ሁሉ ስለ 220 ቮልት ያወራል፤ እሱን ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ችግሩ የመብራቱ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ ኢትዮጵያ 50። ሞተሩ በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ፍጥነቱን የሚወስድ ማጫወቻ አዲስ አበባ ሲደርስ በደቂቃ 33 ዙር መሆኑ ቀርቶ ወደ 28 ይወርዳል። ዲላን ሌላ ሰው ይሆንብሃል። እንደ ስልክ ቻርጀር ያለ አስማሚ ያለውንና በዲሲ ሞተር የሚሰራውን ግዛ፤ አስማሚው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል መኖሩን አረጋግጥ።

ሸክላዎቹን በእጅህ ያዝ። ሻንጣ ውስጥ ከትተህ ለአየር መንገድ አትስጥ፤ ይሰበራል። ከመነሳትህ በፊትም ሙቀት ያለበት መኪና ውስጥ አትተዋቸው፣ ይጣመማሉ።

በዚህ ስሌት ሶስቱ አዳዲስ ህትመቶች ከ150 ዶላር ብዙም አይበልጡም፤ የቀረው ለደህና ማጫወቻ ይበቃሃል። አሮጌውን ዲላን ልግዛ ካልክ ግን ከመክፈልህ በፊት የሁለቱን ገጽ ቀለበትና የሌብሉን ፎቶ አስልክና እዚሁ ለጥፈው፤ አይቼ እነግርሃለሁ። ፎቶ አልክም የሚል ሻጭ ከሆነ እለፈው።